በቬትናም ካፌ ተቀምጦ መዋል፦ ቡናው፣ ምግቡ፣ የጥናት ጠረጴዛው

ነርስ_በቅርቡ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፣ ከእህቴ ጋር። ሦስት ልጆች አሏት። ትንሹ ጥርስ እያወጣ ነው። የነርስነት ፈቃድ ፈተናዬ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ፣ ቀን አጠናለሁ። ቤት ውስጥ ግን አልተቻለም። ላይብረሪ ሞከርኩ። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ እዚያ ጸጥታ ውስጥ ስቀመጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። የእኛ ካፌዎች ጋ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ የሚያውቀኝ ሰው ብዙ ነው። ደብተር ስከፍት "እንዴት ነሽ፣ እናትሽ ደህና ናቸው፣ ያ ጉዳይሽ ምን ደረሰ" ይመጣል። ሰላምታ መንሳት አልችልም። ሁለት ሰዓት ይሄዳል፣ አንድ ገጽ አልገለብጥም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ኤደን ሴንተር ሂጂ" አለችኝ። ፎልስ ቸርች፣ ሰቨን ኮርነርስ አጠገብ ያለው የቬትናሞች የገበያ ግቢ ነው። በመኪና ስንቴ በበሩ አልፌያለሁ። ገብቼ ግን አላውቅም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩና አንዲት ትንሽ ካፌ ገባሁ። ስሟን አልጽፍም፣ ጠረጴዛዋ ጥቂት ስለሆነ ሁላችሁም እንዳትመጡብኝ።

ቡና አዘዝኩ። የመጣልኝ ባዶ የሚመስል ብርጭቆ ነው። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሆን ወፍራም ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ተኝቷል። ከብርጭቆው አፍ ላይ ትንሽ የብረት ማጥለያ ተቀምጧል፣ ክዳን አለው። ቡናው ከዚያ ጠብ... ጠብ... ይላል። ልጅቷ በእጇ "ቆይ" የሚል ምልክት ሰጠችኝና ሄደች። አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ የመድኃኒት ምዕራፌን ከፍቼ መጀመሬን እኔ ራሴ አላስተዋልኩም። ከዚያ በማንኪያ አማሰልኩት፣ በረዶ በሞላ ሌላ ብርጭቆ ላይ ገለበጥኩት።

ከባድ ነው። ጣፋጭ ነው። እጄ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ነቃሁ። አራት ሰዓት አጠናሁ። ማንም "እስከ መቼ ነው" አላለኝም። በነፃ ቀዝቃዛ ሻይ ሁለት ጊዜ ሞሉልኝ።

አሁን ጥያቄዎቼ። ይህ ቡና ለምን እንዲህ ይበረታል? ረቡዕና አርብ ስሄድ ምን ልበላ? ደግሞ በአንድ ቡና ስንት ሰዓት መቀመጥ ነው ነውር የማይሆነው?

---

ቶና_በረካ

እህቴ፣ ፈተናሽን እግዚአብሔር ይርዳሽ። ግን አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሚኝ። የቡና አገር ልጅ ሆነን ሮቡስታ የሚባለውን የቡና ዘር በቆርቆሮ ወተት? እኔ ቡናዬን በወተት አላበላሽም። ቡና በጀበና፣ ከእጣን ጋር፣ ከሰው ጋር ነው። ሰላምታው በዛብኝ ያልሽውም ቡናው ራሱ ነው። ቡና ለብቻ አይጠጣም።

ቦታው ለጥናት ከተመቸሽ ተቀመጪ። ቡናውን ግን ለቤት ተይው።

---

ጂማ_ቆላ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው። ስለዚህ ስለ ጥንካሬው እኔ ልመልስ።

ቬትናም በዓለም ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት። ከምታመርተው ከ90 በመቶ በላይ ሮቡስታ ነው፣ በሮቡስታ ደግሞ የሚስተካከላት የለም። ዋናው የሚበቅለው በማዕከላዊ ደጋው፣ ዳክ ላክ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ቡኦን ማ ቱኦት ከተማ ዙሪያ ነው። ሮቡስታ ያለው ካፌን ከእኛ አረቢካ በእጥፍ ይጠጋል። እህቴ እጅሽ የተንቀጠቀጠው በዚህ ነው። ሌሊት ሠርተሽ፣ ምሳ ሳትበዪ ሁለተኛ አትድገሚ።

ሌላው አቆላሉ ነው። በጣም ያጠቁሩታል። ብዙዎቹ ሲቆሉት ቅቤ ይጨምራሉ፣ አንዳንዱም ስኳር። ስትጠጪው ቸኮሌት ቸኮሌት የሚለው ከዚያ ነው። ሮቡስታ መራራ ስለሆነ ጣፋጩ ወተት ይገራዋል። የቆርቆሮ ወተቱ የመጣው ከችግር ነው። ፈረንሳዮች ሲገዟቸው ትኩስ ወተት እንደ ልብ አይገኝም፣ በሙቀቱም አይቆይም ነበር። ቡናውም በ1857 በፈረንጅ ከፈረንሳይ ካቶሊክ ሚስዮናውያን ጋር እንደገባ ነው የሚነገረው።

ቶና_በረካ ወንድሜ፣ ሮቡስታን አትናቀው። አረቢካ ራሱ የሮቡስታ ልጅ ነው። በጥንት ዘመን በዱር ውስጥ ሮቡስታና ዩጂኒዮይድስ የሚባል ሌላ የቡና ዘር ተዳቅለው ነው አረቢካ የተገኘው። በዘረ መል ጥናት የታወቀ ነገር ነው። አያቱን ሳይሆን አባቱን ነው የሰደብከው።

ቅቤውም ቢሆን አይግረምህ። የጉጂና የቦረና ሰው ቡና ቀላ ሲያዘጋጅ የቡናውን ፍሬ በቅቤ አይደል የሚጠብሰው? አገራችን ውስጥ ቡናን በጨው የሚጠጣ፣ ቅቤ ጣል የሚያደርግ ስንት አለ። ቬትናሞችም ሁኤ ከተማ የጀመሩት የጨው ቡና አላቸው። ከላይ ጨው የገባበት የክሬም አረፋ ነው። ብትቀምሰው የአያትህ ቤት ትዝ ሊልህ ይችላል።

---

ቶና_በረካ

ጂማ_ቆላ፣ ስለ ዘሩ ያልከውን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ስለ ወተቱ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

---

ሀኖይ_የከረምኩ

ለሥልጠና ሀኖይ ሰባት ወር ኖሬያለሁ። ይህን ክር ሳይ ሆዴ ባባ።

መጀመሪያ ስለ ማጥለያው። ፊን ይባላል። አራት ቁራጭ ነው፦ ብርጭቆው ላይ የሚያርፈው ሳህን፣ ጽዋው፣ ቡናውን የሚጫነው ወንፊትና ክዳኑ። ወረቀት የለውም፣ መብራት አይፈልግም። ልጅቷ "ቆይ" ብላ የሄደችው ትክክል ነች። ፊን አይነካም። ብትነቀንቂው ዱቄቱ ይወርዳል። ሀኖይ ውስጥ ሰው ፊኑን ፊቱ አስቀምጦ መንገዱን ያያል። ወንበሮቹ ሁሉም ወደ መንገድ ዞረው ነው የሚቀመጡት። አጫጭር የፕላስቲክ በርጩማዎች ናቸው፣ ለቡና የምንቀመጥባትን ዱካ የሚያህሉ።

ተማሪው፣ ኮምፒውተር የሚሠራው፣ ጡረተኛው፣ ሁሉም ካፌ ይውላል። "ጨርሰሃል ወይ" ብሎ ብርጭቆ የሚያነሳብህ የለም። አንዳንዱ ካፌ ሦስት አራት ፎቅ ጠባብ ቤት ነው። ታች ጫጫታ፣ ላይ ጸጥታ። ላፕቶፕ የያዘ ወደ ላይ ይወጣል። እኔ የሥልጠናዬን ሪፖርት በሙሉ የጻፍኩት ሦስተኛ ፎቅ፣ አሮጌ ማራገቢያ ሥር ሆኜ ነው። ከታች የሞተር ብስክሌት ጡሩንባ፣ ከላይ የማራገቢያው ጓ ጓ። ያን ያህል ሥራ ሌላ ቦታ ሠርቼ አላውቅም።

የእንቁላል ቡና የምትባለውን ካገኘሽ ጠጪ። በ1946 በፈረንጅ ሀኖይ ውስጥ፣ ወተት በጠፋበት ጊዜ፣ ሜትሮፖል ሆቴል ይሠራ የነበረ ንጉየን ቫን ዢያንግ የሚባል ሰው የእንቁላል አስኳል በስኳር መትቶ ቡና ላይ ደፋ። የራሱን ካፌ ከፈተ፣ ልጆቹ እስካሁን ይዘውታል። ሽታ ይኖረዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። የለውም። ስኒዋን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ነው የሚያመጡልሽ።

አሁን በጣም የምወደውን ልንገርሽ። ቬትናምኛ ውስጥ "አንተ" ወይም "አንቺ" ብሎ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሰውን በዝምድና ነው የሚጠሩት። ከአንቺ በዕድሜ ከፍ ያለችን ሴት "ቺ" ትያታለሽ፣ ታላቅ እህት ማለት ነው። ወንድ ከሆነ "አን"፣ ታላቅ ወንድም። እናትሽን የምታህለውን "ኮ"፣ አክስቴ። ታናሽሽን "ኤም"። ለመጥራት "ኦይ" ይጨመራል። እኛ "እትዬ"፣ "ጋሼ"፣ "እማማ" እንደምንለው ነው። የካፌሽን ባለቤት በሚቀጥለው "ኮ ኦይ" በያት። ፊቷን አይተሽ ንገሪን።

---

ረቡዕ_ዓርብ

የጾሙን እኔ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኔም ብዙ ተሳስቼ ነው የተማርኩት።

አንድ ቃል ያዢ፦ "ቻይ"። ሻይ እንዳይመስልሽ፣ ሻይ እነሱ ዘንድ "ቻ" ነው። "ቻይ" ማለት ከሥጋ ነፃ የሆነ ምግብ ማለት ነው። ቡድሂስቶቹ በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ይጾማሉ፣ ስለዚህ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል። በእኛ ቋንቋ ቻይ ማለት ታጋሽ ማለት መሆኑን ሳስብ በጣም ደስ ይለኛል። ለጾም ከዚህ የተሻለ ስም አላገኝም።

"ባን ሚ ቻይ" በይ። ባን ሚ ዳቦ ነው፣ ከፈረንሳዮች የወሰዱት ረጅም ዳቦ፣ የእነሱ ግን ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ውስጡ ይቀላል። ቶፉ ያደርጉበታል፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ካሮትና ነጭ ሥር፣ ኪያር፣ የድንብላል ቅጠል፣ ቃሪያ። ቃሪያውን ጨምሩልኝ በይ።

ሦስት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ ማዮኔዝ፣ እንቁላል አለው። ዳቦውን ከፍተው መጀመሪያ የሚቀቡት እሱን ነው፣ ስለዚህ ከማዘዝሽ ጋር አብረሽ ተናገሪ። ሁለተኛ የዓሣ መረቅ፣ "ንዑክ ማም" ይሉታል። ከዓሣና ከጨው ተብላልቶ የሚሠራ ነው፣ ሰላጣው ላይ ሁሉ ይገባል። ዓሣ በጾም የምትበዪ ከሆነ ለአንቺ ትቼዋለሁ፣ እኔ አልበላም። በአኩሪ አተር መረቅ ይቀይሩልሻል። ሦስተኛ ቡናው ራሱ። ወተቱ የላም ወተት ነው። የኮኮናት ቡና የሚባለውም ብዙ ጊዜ ውስጡ የቆርቆሮ ወተት አለበት፣ ጠይቂ። በጾም ቀን "ካ ፌ ዴን" በይ፣ ጥቁር ቡና። በረዶ ከፈለግሽ "ዳ" ጨምሪበት።

እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ከቅዳሴ በኋላ ነው የምሄደው። ያን ጊዜ የምሳ ሰው አልቆ ካፌው ባዶ ይሆናል።

---

የደሴ_ልጅ

እዚህ ላይ ልጨምር፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሚሆን ነው። ዋናው ባን ሚ ውስጥ የሚገባው የአሳማ ሥጋ ነው። ያ ነጭ የተቆራረጠ ጥቅል ሥጋ አሳማ ነው። ዳቦው ላይ የሚቀባው ቡናማ ጉበትም አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። ሰው "የዶሮ አዝዣለሁ" ብሎ ጉበቱን ይረሳዋል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ሳላውቅ በልቻለሁ። አሁን "ዶሮ፣ ጉበቱ ይቅር" እላለሁ። ሐላል የሚያስጨንቀው ሰው ቶፉ ወይም እንቁላል ያዝ። እንቁላል ጠብሰው በዳቦ ሲሰጡሽ ከጠዋቱ ምግብ ሁሉ ይበልጣል።

"ፈ" የሚባለው ሾርባ የበሬም የዶሮም አለው። አጥንቱን ከቀረፋና ከኮከብ አኒስ ጋር ለብዙ ሰዓት ነው የሚቀቅሉት። ብርድ ላይ ለታመመ ሰው መድኃኒት ነው። ላፕቶፕ አጠገብ ግን አይበላም፣ ይረጫል።

---

ኮድ_ጻፊ

ስለ መርጨት ከተነሳ፣ ከእኔ ተማሩ። እኔ ከቤት ነው የምሠራው፣ ኮምፒውተር ፕሮግራም። ፊኑ ገና እየተንጠባጠበ ስብሰባ ተጀመረ። ላፕቶፔን ጎተትኩ፣ ብርጭቆው ተከተለ። ሙቅ ውሃው፣ አተላው፣ ወተቱ፣ ሁሉም ቁልፎቹ ላይ። ሰባት መቶ ዶላር። ከሁሉ የቆጨኝ ባለቤቷ የራሷን ጥፋት አስመስላ ይቅርታ መጠየቋ ነው። አዲስ ቡናም አመጣችልኝ፣ ሒሳቡን እንቢ አለች።

ፊን እስኪያልቅ ላፕቶፕ አትክፈቱ። ስብሰባ ካላችሁ ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ መናገር ካለባችሁ ውጡ። ዋይፋይ አለ፣ ግን ለትልቅ ፋይል አትተማመኑበት፣ እኔ በስልኬ ኢንተርኔት ነው የምሠራው። ሶኬት ብዙ ጊዜ ግድግዳው ጋ አንድ ወይም ሁለት ነው ያለው። ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ።

---

ጋሼ_የድሮው

ልጆቼ፣ ሲያልፍ ሲያገድም አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ልጻፍ።

እኔ አሜሪካ የገባሁት በ1983 ነው፣ በፈረንጅ። በሱዳን በኩል። ታክሲ ስነዳ ክላረንደን የምትባለዋን የአርሊንግተን ሰፈር አውቃታለሁ። ዛሬ የሀብታም ሰፈር ናት። ያን ጊዜ ትንሿ ሳይጎን ይሏት ነበር። ቬትናሞቹ በ1975 የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ስትወድቅ ነው በብዛት የመጡት። ክላረንደን ያኔ ለሜትሮ ባቡር ተቆፍራ፣ ነጋዴው ሸሽቶ፣ ኪራይ ረክሶ ነበር። እነሱ ባዶውን ሱቅ ተከራዩ፣ ዳቦ ጋገሩ፣ ጨርቅ ሰፉ። ባቡሩ በ1979 ጣቢያውን ከፈተ። ከዚያ ኪራዩ ወጣ፣ እነሱም ወጡ። በ1984 ኤደን ሴንተርን ጀመሩት። ስሙን ሳይጎን ከነበረ ኤደን ከሚባል የገበያ ሕንፃ ነው የወሰዱት። የሰዓቱ ማማም የተሠራው በሳይጎን ቤን ታን ገበያ አምሳል ነው። ቀና ብላችሁ እዩት።

ይህን የምለው ምክንያት ስላለኝ ነው። እኛስ? አዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ላይ ነበርን። ኪራይ ወጣ። ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ ሄድን። እዚያም ወጣ። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነን። እነሱ ግን አንድ ግቢ ውስጥ ከመቶ በላይ ሱቅ ይዘው አርባ ዓመት ቆይተዋል። ወርቅ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ካፌው፣ አንድ ላይ። እኔ በእነሱ ቀናሁ ብል አላፍርም።

መግቢያው ላይ ቢጫ መደብ ሦስት ቀይ መስመር ያለበት ባንዲራ ታያላችሁ። የደቡብ ቬትናም ነው፣ የሌለች አገር ባንዲራ። በየዓመቱ ኤፕሪል 30 ተሰብስበው ያስቧታል። አንድ ሽማግሌ ከቡናው ጀርባ ዝም ብሎ ባንዲራውን ሲያይ ብታገኙ አትጠይቁት። ቁጭ በሉ ብቻ። እኛ ባንዲራ ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ ሰዎች ነን።

ልጄ፣ አንቺ ነርሷ፣ አይዞሽ። በርቺ።

---

ነርስ_በቅርቡ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አውቶቡስ ላይ ሆኜ አንብቤው ዓይኔ እንባ አቀረረ። አባቴም በሱዳን ነው የወጣው።

ሀኖይ_የከረምኩ፣ "ኮ ኦይ" አልኳት። መጀመሪያ አልሰማችም። ሁለተኛ ስል ዞር ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ አጠራሬን ሦስት ጊዜ አረመችው። አሁን "ኤም" ነው የምትለኝ።

የመቀመጡን ጥያቄ ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።

---

ረከቦት

እኔ ልመልስልሽ፣ ምክንያቱም እኔ በሌላኛው በኩል ያለሁ ሰው ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለኝ። ዘጠኝ ጠረጴዛ።

ላፕቶፕ የያዘ ደንበኛ እወዳለሁ። እውነቴን ነው። ጠዋት ባዶ ቤት ሰው ሲኖርበት ሌላ ሰው ይገባል። ግን አንድ ልጅ ነበር። በአንድ ማኪያቶ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በአራት ሰው ጠረጴዛ፣ ቦርሳውን ሌላ ወንበር ላይ፣ ካፖርቱን ሦስተኛው ላይ። ቤተሰብ መጥቶ ቦታ አጥቶ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ። አልተናገርኩትም። ይሉኝታ ያዘኝ። ማታ ሒሳብ ስዘጋ አለቀስኩ። ኪራዩን የሚከፍለው ጠረጴዛው ነው፣ ቡናው አይደለም።

ያቺም ሴትዮ እንደ እኔ ናት ብዬ አስባለሁ። ዝም ማለቷ ችግር የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ፦ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ አንድ ነገር ግዢ። ቡና መሆን የለበትም፣ የለውዝ ጣፋጭም ይሁን፣ ለልጆቹ የሚወሰድ ዳቦም ይሁን። ትንሿን ጠረጴዛ ያዢ። በምሳ ሰዓት ቦታ ሲጠብ ሳትጠየቂ ተነሺ፣ ግቢውን ዞሪና ተመለሺ። በጥሬ ገንዘብ ክፈዪ፣ ብዙዎቹ ትንንሽ ቤቶች ጥሬ ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ የሚቀበሉትም ለካርዱ ይቆረጥባቸዋል። ጉርሻ ማስቀመጫው ውስጥ ዶላር ጣዪ። ቅዳሜና እሁድ ግን ለጥናት አትሂጂ። ያን ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ከየከተማው ይመጣል፣ መኪና ማቆሚያም አታገኚም።

አራት ሰዓት ቆየሁ ያልሽው ቀን ስንት ከፈልሽ?

---

ነርስ_በቅርቡ

አንድ ቡናና አንድ ዳቦ። ከነጉርሻው 14 ዶላር።

እትዬ፣ ልክ ነሽ። የአራት ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ደብተሮቼን ዘርግቼ። ማንም አልነገረኝም ብዬ እንደ መልካም ነገር ጻፍኩት እንጂ ምን እያደረግኩ እንደሆነ አላሰብኩም። ነገ እሄዳለሁ፣ ግድግዳው ጋ ያለችውን ትንሿን እይዛለሁ።

---

ረከቦት

አንቺ አስበሽ ጠይቀሻል። የጠየቀ ሰው ገና አልገጠመኝም። ወደ እኔም ከመጣሽ ሶኬት ያለበት ጥግ አለኝ። ሰላምታውን እኔ እከላከልልሻለሁ።

---

ቶና_በረካ

ሄጄ መጣሁ። ቅዳሜ፣ ያውም። ረከቦት አስጠንቅቃ ነበር፣ መኪና ለማቆም ሃያ ደቂቃ ዞርኩ።

ከካፌው አጠገብ ሽማግሌዎች ክብ ክብ ጠጠር ያለበት የቻይና ቼዝ ይጫወታሉ። ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ሰባቱ ቆመው ይመክራሉ። አንዱ መካሪ ተናዶ ጠጠሩን ራሱ አንስቶ አንቀሳቀሰው፣ ሁሉም ጮኹበት። ይህን ቦታ አውቀዋለሁ። የእኛ ሹፌሮች ስካይላይን አካባቢ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚቆሙበት ቦታ ነው። ቋንቋው ብቻ ተቀይሯል።

የጨው ቡናውን ጠጣሁ። ጂማ_ቆላ፣ አያቴ ትዝ አለችኝ። ጨው ታደርግ ነበር፣ ልጅ ሆኜ አስጠልቶኝ ነበር። ወተት ያለውን አሁንም አልወደድኩትም።

ቡና ለብቻ አይጠጣም ብዬ ነበር። አንዲት ተማሪ ጥግ ላይ ተቀምጣ ፊኗ ሲንጠባጠብ አየሁ። ሽማግሌዎቹ እየጮኹ፣ ልጆች እየሮጡ፣ እሷ ታነባለች። ለብቻዋ አልነበረችም። ነርሷ፣ ያልኩሽን አንስቻለሁ።

ፊን ገዛሁ። ግሮሰሪው ውስጥ ርካሽ ነው። የሲዳማ ቡና አደርግበታለሁ። አፈጫጩ እንዴት ነው?

---

ጂማ_ቆላ

ለጀበና ከምትፈጨው ሻካራ አድርገው። ከደቀቀ ይዘጋዋል፣ ከሻከረ በአንድ ደቂቃ ይወርዳል። 20 ግራም ያህል ቡና፣ የፈላ ውሃ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል። መጀመሪያ ሁለት ማንኪያ ውሃ ብቻ አፍስስና ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ፣ ይርጥብ። ከዚያ ሙላው። ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ውስጥ ካለቀ ደርሷል። የታጠበ ሲዳማ እዚያ ውስጥ ቀጠን ይላል፣ ደረቅ የተዘጋጀ ሐረር ግን በጣም ይሄዳል። ወንፊቱን አትጫነው፣ አስቀምጠው ብቻ።

---

ነርስ_በቅርቡ

ያንን ካነበብኩ በኋላ እህቴ የቆላችውን የሐረር ቡና ጥቂት ይዤ ሄድኩ። ለኮ ሰጠኋት። ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ሌላ ሰው የለም። ሽታው ሲደርሳት ቆም አለች። በእጇ ፈጨችው፣ ፊን ላይ አደረገችው። ሁለታችንም ሳናወራ ጠበቅን።

ያለ ወተት አንድ ጊዜ ፉት አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞራ እናቷን ጠራች። በጣም ያረጁ ናቸው፣ በኋላ ክፍል እንዳሉም አላውቅም ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀመሱ። ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁ። ኮ ተረጎመችልኝ፦ "ከዚህ ጋር ምን ትበላላችሁ?" አሉ።

ቆሎ አልኳቸው። ምን እንደሆነ ላስረዳ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። የሚቀጥለው ማክሰኞ ይዤ እመጣለሁ ብያለሁ። ጥርስ የላቸውምና ለውዝ የበዛበት፣ ልል ልል ያለ ቆሎ የት ይገኛል? የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።